አልከፈት ያለው የጉልበት ማስረጃ

በዚህ ዓለም ሥራውን በገዛ እጁ የሚሠራ ስንት አለ? ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰርግ ደጋሹ ወጥ አያማስልም፤ ጋቢውን አጣፍቶ በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል እንጂ። የእድር ሰብሳቢው ድንኳን አይተክልም፤ የት እንደሚተከል በጣቱ ያሳያል፤ ተተክሎ ሲያልቅ ደግሞ «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ» ይላል። የተጣሉ ባልና ሚስት እንኳ በአንድ ብርድ ልብስ እየተኙ፣ ለመታረቅ ሲሆን ሦስት ሰፈር አቋርጦ የሚመጣ ሽማግሌ ያስጠራሉ። ይህን ስል ለነቀፋ አይደለም። ሙሴም ፈርዖን ፊት ቅረብ ሲባል «አፌ ኮልታፋ ነው» ብሎ ወንድሙን አሮንን አስጨመረ። እግዚአብሔርም ተቆጣ እንጂ እምቢ አላለውም።

ሰው እንዲህ መሆኑን ከድሮም አውቃለሁ። ኮምፒውተርም እንዲህ መሆኑን ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው፤ ለዚያውም በልጄ ትዳር፣ በልጅ ልጄ ክርስትናና በአንድ የገራዶ ገበሬ ጉልበት መሀል ተይዤ።

ከጉልበቱ ልጀምር።

ልጄን ሰናይትን አምና ኮምቦልቻ ላይ ዳርናት። እሷም ባሏም እዚያው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ የተዋወቁትም በሰርቪስ መኪና ወንበር ሲጋፉ ነው ይባላል፤ እኔ አልጠየቅሁም። ባሏ ደምሴ የገራዶ ልጅ ነው። አባቱ አያ እሸቱ ገበሬ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ በትራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው። በሰርጉ ዕለት የሁለታችንም ወገን ወላጆች በአዳራሹ ፊት ለፊት በተርታ ተቀመጥን፤ ሙሽሮቹ ጎንበስ እያሉ ጉልበት ሳሙ፣ እኛ መረቅን፣ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ተበተነ። ሁሉም ደስ ብሎት የገባ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አያ እሸቱ «ምራቴ የሁሉን ጉልበት ስማ የእኔን ዘላዋለች» ማለታቸው ተሰማ።

ገበሬ ቂም ሲይዝ እንደ ጎተራ እህል ነው። ክፉ ቀን ካልመጣ አያወጣውም፤ ነቀዝ እንዳይገባውም በየጊዜው ያገላብጠዋል።

ልጄን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኋት። ስሜያለሁ አለች። እንግዲያው ምን ቸገረሽ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሂጂና ይቅርታ ብለሽ እንደገና ሳሚ፣ ጉልበት አያልቅ አልኳት። «እማዬ፣» አለችኝ፣ «የሳምኩትን አልሳምኩም ብዬ ይቅርታ ከጠየቅሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላጠፋሁትን እየካስኩ ልኖር ነው።» ግትርነቷን የወሰደችው ከአባቷ ነው። አባቷ ደግሞ ከእኔ ነው ይላል።

በዚህ መሀል እሷ አረገዘች፣ ወለደች። አያ እሸቱ ሕፃኗን ለማየት አልመጡም። ክርስትናዋ ሲቃረብ ደምሴ ገራዶ ድረስ ሄዶ ቢለምናቸው «ጉልበቴ ካልተከበረ እግሬ ምን ብሎ ይመጣል?» ብለው መለሱት። ልጁ እንደ ሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ አንዴ ወደ ሚስቱ አንዴ ወደ አባቱ ሲታጠፍ ክስት አለ። እኛ ቤት ሲመጣም ጉርሻ እንኳ የሚውጠው በይሉኝታ ሆነ። የአባቷ አባት ያልቆሙበት ክርስትና ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ልጅቷ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እንኳ «እሷ እኮ ያቺ...» የሚባልላት ነገር ነው።

የሁለታችንም ቤተሰብ ሽማግሌ የሆኑት የእኔው የነፍስ አባት ናቸው። አባ ሲያሸማግሉ ብዙ አይናገሩም፤ ሰው እስኪደክመው ያናግሩታል። አንድ ቀን ግን በመሀል ቆም አሉና «ሰርጉ ቪዲዮ የለውም እንዴ?» አሉ። ሁላችንም ቀና አልን። እስካሁን ያላሰብነው፣ ቪዲዮ ለደስታ እንጂ ለክስ ይሆናል ብለን ስላልጠረጠርን ነው። አያ እሸቱም በሰው በኩል ሲጠየቁ፣ በዓይናቸው ካዩ እንደሚያምኑ ተናገሩ፤ እሳቸው ልክ ሆነው ከተገኙ ግን ምራታቸው በሰው ፊት ይቅርታ እንድትላቸው ቃል አስያዙ። ለመጪው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደሴ እኛ ቤት ተባለ።

ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ ልንገራችሁ። ትንሹ ልጃችን ለሥራ ባሕር ዳር ሲሄድ ትቶልን የሄደው ነው። እኔ ዳንቴል አልብሼ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጬዋለሁ። የሰርጉን ቪዲዮ ያነሣው ሰዒድ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያለው ጎረምሳ፣ ሥራውን ሲያስረክብ አንድ የአልበም ፕሮግራም ጭኖልን ነበር። ሲከፈት ሁለት ጽጌረዳዎች እየተሽከረከሩ ይመጣሉ፤ ከዚያ ፎቶውም ቪዲዮውም በትናንሹ ይደረደራል፤ የፈለጋችሁትን ስትነኩ ይሰፋል። እኔ ሰናይት ስትናፍቀኝ እከፍተው ነበር። ከወለደች ወዲህ ግን እሷ ራሷ እየተመላለሰች ስለምትመጣ ማን ቪዲዮ ያያል።

እሑድ ደረሰ። አያ እሸቱ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ ሰላምታቸው ለእኔና ለባለቤቴ ለይመር ሙሉ ነበር፣ ለሰናይት ግን ግማሽ። አባ መሀል ተቀመጡ። ደምሴ ከበሩ አጠገብ፣ መሸሽ ቢያስፈልግ እንደሚመች ሆኖ ተቀመጠ። ይመር ኮምፒውተሩን ከፈተ። ይመር ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ማናቸውንም ሞተር ያለውንም የሌለውንም ነገር የሚያስነሣው እሱ ነው።

ጽጌረዳዎቹ መጡ። ተሽከረከሩ። ፎቶዎቹ ተደረደሩ። ቪዲዮዋን ነካት። ግራጫ ሣጥን መጣና አንድ መስመር እንግሊዝኛ ተናገረ። ሣጥኑን ዘጋና እንደገና ነካት። ያው ሣጥን፣ ያው እንግሊዝኛ። ሦስተኛ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ነካት፤ ሰው ሲደነቁር ድምፅ ከፍ እንደሚደረግለት መሆኑ ነው።

«ሞቆት ይሆናል» አለ ይመር። ሐረጎን የወጣ መኪና ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከተነሣ ገና አፍታው ነው፣ የወጣውም ዳገት የለም። ቢሆንም አጠፋነው፣ አቀዘቀዝነው፣ አስነሣነው። ያው ሣጥን። ደምሴ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሰካ። እኔ ዳንቴሉን አነሣሁለት፤ ምናልባት ታፍኖ ይሆናል ብዬ። ሰናይት ከፎቶዎቹ መሀል የጉልበቱን ፎቶ ብትፈልግ፣ አንድ ጎንበስ ያለ ቬሎና ብዙ ሱሪ ብቻ የሚታይበት ተገኘ፤ የትኛው ሱሪ የማን እንደሆነ ሌላ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነበር።

አያ እሸቱ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሁሉን ሲያዩ ቆዩና «እውነት ያለበት ነገር ይህን ያህል አይደበቅም» አሉ። ሰናይት አፏን ከፈተች። እኔ በዓይኔ ዘጋሁት።

ሰዒድ ጋ ደወልኩ። ከኋላው የሰኞ ገበያ ጫጫታ ይሰማል። «እትዬ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ» አለኝ። እኔ እስከ ስምንተኛ ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛውን እንደ ፊደል ገበታ ልጅ አንድ በአንድ እየጠራሁ አነበብኩለት። ቤቱ ሁሉ ያዳምጠኛል፤ አባ እንኳ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉኛል። ስጨርስ ሰዒድ ሳቀ። «አብሽሩ እትዬ፣ ቪዲዮው አልጠፋም። አልበሙ ራሱ ቪዲዮ ማጫወት አይችልም። አንድ ሌላ ማጫወቻ አለ፤ እሱን ይጠራል፣ እሱ ነው የሚያጫውተው። አሁን ሲጠራው አጣው። ብርቱካንማ ኮን ያለችበት ምልክት ነበረች፣ አለች?»

እኔም ድምፁን ለሁሉ ከፍቼው ነበርና፣ ኮን ሲል፣ ከወደ ይመር አንድ ሳል ተሰማ።

የሠላሳ ዓመት ትዳር የሳል ዓይነት ያስለያል። ጉንፋን አይደለም። ዞር ብዬ አየሁት። ቀስ በቀስ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ መንገድ ሲሠራ አስፋልት ላይ የሚደረደረውን ሾጣጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእሱ ዘመን የቆመ መኪና እንዳለ ለማስጠንቀቅ መንገድ ላይ ቅጠል ነበር የሚጣለው፣ አሁን ይኸው ኮን መጣ። ባለፈው ወር ኮምፒውተሩን ሲከፍት መሀል ላይ ኮን ቆሟል። የተበላሸ ነገር ቢኖር ነው እንጂ ኮን ያለ ምክንያት አይቆምም ብሎ ውስጡን ቢፈትሽ ብልሽት የለም። እንግዲህ ብልሽት ከሌለ ኮን መንገድ መዝጋት ነው። ሊያነሣው ሞከረ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ ጠየቀው፤ እሱ ሁሉንም እሺ አለ። «ካነሣሁት ወዲህ እንዲያውም ፍጥነቱ ጨምሯል» ሲል ደመደመ፣ ትንሽም ኮራ ብሎ።

እኔ ከባለቤቴ ይልቅ የገረመኝ አልበሙ ነው። ያ ሁሉ ጽጌረዳ፣ ያ ሁሉ መሽከርከር፣ ለካ በር ላይ ቆሞ «ግቡ» ባይ ኖሯል። ወጡን የሚሠራው ሌላ፤ እሱ ሲባረር ደግሞ «ሠራተኛዬ የለም» ብሎ በግልጽ እንደመናገር ግራጫ ሣጥን ያሳያል። ስንቱን እንዲህ ያለ አለቃ አውቃለሁ።

ሰዒድ ማጫወቻውን በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ አለ። ሰኞ ገበያን በእግር መሻገር ራሱን የቻለ ጉዞ ስለሆነ፣ ምሳ አቀረብኩ። አያ እሸቱ ነገሩ ሳይለይ እንጀራ አልቆርስም አሉ። እሳቸው ካልበሉ አባ አይበሉም፣ አባ ካልበሉ ማንም አይበላም። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግራጫው ሣጥን አዙረን፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ተቀመጥን። ለዚያ ሣጥን ያን ዕለት የታየለትን ያህል ትዕግሥት እኔ ለልጆቼም አላሳየሁም።

ሕፃኗ ተነሥታ አለቀሰች። ሰናይት ብትይዛት እምቢ፣ እኔ ብይዛት እምቢ። እኔም ማንንም ሳላማክር ወስጄ አያ እሸቱ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። በትራቸው ወደቀ፤ አንሡልኝም አላሉ። ልጅቷ ዝም አለች። ሽቅብ አየቻቸው፣ ቁልቁል አዩአት። ግንባሯ የእሳቸው ቁርጥ ነው፤ ይህን ደምሴም አይቶት መሰለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ልጅቷ ያን ክስ የተነሣበትን ጉልበት ከላይ እስከ ታች አርሳዋለች።

«ክርስትናዋ ሳይደርስ አጠመቀችዎ» አሉ አባ።

አያ እሸቱ እስከ ድዳቸው ሳቁ። «ይቺኛዋ አልዘለለችኝም» አሉ። ሁላችንም አብረን ሳቅን፣ እኔም አለቀልን ብዬ በልቤ ተመስገን አልኩ። እሳቸው ግን በሳቁ መሀል ቂመኛ መሆናቸው ትዝ አላቸውና ፊታቸውን ሰበሰቡ፤ «ቢሆንም ያ ሌላ ይህ ሌላ ነው፤ ይታይ» አሉ። ሕፃኗን ግን አልመለሱም።

ሰዒድ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ማጫወቻውን ጫነ። ቪዲዮዋን ነካ። ግራጫው ሣጥን መጣ። ይመር ደስ አለው፤ «አየህ፣ ኮኑ ብቻ አይደለም» አለው። ሰዒድ አልተቸገረም፤ አልበሙ የድሮውን የማጫወቻውን ቤት አድራሻ ይዞ ሄዶ እያንኳኳ ነው፣ አዲሱን ቤት እንንገረው አለን። አንድ ቦታ ገብቶ ነገረው። እንደገና ነካት።

ጥቁር። ከጥቁሩ ውስጥ ግን ከበሮ፣ እልልታ፣ የሰው ሁካታ ፈነዳ። ሥዕል የለም፣ ድምፅ ብቻ። ሰዒድ ይህም የታወቀ ነው እያለ የማጫወቻውን ማስተካከያ ይጎረጉራል፤ እኛ እንደ ሬዲዮ እናዳምጣለን። በዚያ መሀል አንድ ጎርናና የገራዶ ድምፅ «ኧረ ያ ጎድን ወዲህም ይምጣ፣ እኛ ሰው አይደለንም እንዴ?» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ።

ማንም አላያቸውም። እንዳላያቸው ደግሞ ሁሉም ተጠንቅቋል። «ይኼ የእኔ ድምፅ አይደለም» አሉ አያ እሸቱ፣ በዚያው ድምፅ።

ሥዕሉ መጣ። ከሙሽሮቹ ቀድማ የምትሄደው ሰናይት ናት፤ ቬሎዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች፤ የአያ እሸቱን ቀኝ ጉልበት ሳመች፣ ግራውንም ሳመች። እሳቸው እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነዋል። አንገታቸው ግን ወደ ኋላ ዞሮ አስተናጋጁን ይጣራል፤ እጃቸው ሙሽራዋን፣ አፋቸው ጎድኑን ሲመርቅ።

አያ እሸቱ ቴሌቪዥን የሚያህለውን ያን መስኮት ትኩር ብለው አዩ። «እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እዚያው ነበሩ» አሉ አባ፤ «ጎድኑ ጋ።»

ሽማግሌው ሕፃኗን ለእኔ ሰጡና ተነሡ። ለሰናይት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅር በይኝ አሏት። ልጄ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው፤ አንድ ሁለት ቃል ትወረውራለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ «እንደገና ልሳም፣ አባባ?» አለች።

«ተይው» አሉ፤ «ረጥቧል።»

እዚህ ላይ ብናጠፋው ኖሮ ወጌ እዚሁ ባለቀ። ዕርቅ ያወረደ ሰው ግን ማሽን ማጥፋት አያስታውስም። ቪዲዮው ይሄዳል። ከሰናይት ኋላ ደምሴ መጣ፤ የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ የይመርን ሳመ፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ ሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ምርቃቴን አዘጋጅቼ። አንድ ሚዜ ከካሜራው በኩል ጠራው። ደምሴ ቀና አለ፣ ሳቀ፣ እግሩን አነሣ፣ ከእኔ ቀጥላ የተቀመጠችውን የእኅቴን ጉልበት ሳመ።

«ሰዒድ፣ ወደ ኋላ መልሳት እስቲ» አለ ይመር።

ሰዒድ መለሳት። ያው። ያ ከሰዓት ሙሉ አልሠራም ያለ ማሽን አሁን እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ድገም ሲሉት ይደግማል፣ ጉልበቴን አቅርብ ሲባል ያቀርባል። ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ፤ ሚስቴ በሰው ፊት ተዘለለች የሚል ነገር ከጉሮሮው ሲነሣ አየሁት። ደምሴ በሩ አጠገብ ቆሞ ላብ አጠመቀው። ከሁሉ የባሰው አያ እሸቱ ናቸው። «ለካ ዘላዩ የእኔው ነው» አሉና በትራቸውን ፈለጉ። ዓመት ሙሉ ይህን ቤት በሐሰት ከስሼ፣ ጥፋተኛው ከእኔው ወገን ሆኖ ሳለ፣ በምን ዓይኔ ክርስትናው ላይ ቆሜ እታያለሁ እያሉ ወደ በሩ አመሩ። ወጡ እንደቀረበ ነው። ያ ሁሉ ድካም ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ጉልበት ለመዛወር ኖሯል።

እውነቱን ልንገራችሁ? መዘለሌን ያኔም አላየሁም። በዚያን ዕለት እያለቀስኩ ስለነበር እንኳን አማች ዝሆን ቢያልፈኝ አላውቅም። አሁን ሳየው ግን ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ። ቆንጠጥ ማድረጉን ለራሴ አስቀምጬ «እኔ ነኝ እለፈው ያልኩት» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። «ያን ሰሞን ጉልበቴ አብጦ ነበር። ሲነካኝ ያመኛል። አትንካኝ ብዬ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።»

ደምሴ አፉን ከፍቶ አየኝ። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ቶሎ ዘጋው። ይመር ሊጠይቅ ሲል፣ ኮን ያነሣ ሰው ጥያቄ የሚያበዛበት ቀን እንዳልሆነ በዓይኔ ነገርኩት። አያ እሸቱ ከበሩ ተመለሱ፤ «እኔስ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ያለ ምክንያት ሰው አይዘልም» ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ታጠቡ። ያን ዕለት የበሉትን ብታዩ ሰናይትን ላስቀየሙበት ጎድን ካሣ የሚበሉ ይመስሉ ነበር። አባ ብቻ ወደ ጉልበቴ ይመለከታሉ። ከሰርጉ በፊት በነበረው ሰሙነ ሕማማት ከፊቴ ቆመው ስሰግድ ያዩኝ እሳቸው ናቸው።

ክርስትናው አማረ። አያ እሸቱ ሕፃኗን ታቅፈው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረው ለማንም አላስነኩም።

እኔ ግን ያመኛል ካልኩ ወዲህ ያመኝ ጀመር፤ ማለቴ፣ የግድ ሆነብኝ። ደምሴ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ይደፋል፣ እኔም በመጣ ቁጥር «ቀስ!» እላለሁ። አያ እሸቱ ከገራዶ በሁለት ዕቃ ማር ላኩ፤ የሚላሰው ትንሹ፣ የሚቀባው ትልቁ ነው ተብሎ። ይመር የሾፌር ቅባት የሚሉትን አመጣ፤ ሽታው ጉልበት ሳይሆን ግድግዳ ያቃናል። አያ እሸቱ ለገበያ በወጡ ቁጥር ከፒያሳ ስመለስ ሊያገኙኝ ይችላሉና፣ ዳገቱን ደህና ወጥቼ ሜዳው ላይ ስደርስ አነክሳለሁ።

በመጨረሻ አልቻልኩም፤ አባ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ዋሽቻለሁ፣ አሁንም በእግሬ እየዋሸሁ ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጺማቸው ስር ሳቅ እንዳለ አይቻለሁ።

«ለዚህስ ደህና አድርጌ ስግደት አዝዝሽ ነበር» አሉኝ። «ግን ምን ይደረግ፣ ጉልበትሽን ያምሻል።»